ያልነበረው አሥራ ዘጠነኛ ገጽ

ልጆቹ «እትዬ ጠመኔ» ነበር የሚሏቸው። ስሙን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ለምን እንደወጣ ግን ለማንም ግልጽ ነበር። የቀኝ እጅጌያቸው ከክርናቸው ጀምሮ ምንጊዜም ነጭ ነው። ገበያ ሲወጡም፣ ከሰው ሲጨባበጡም፣ ቤታቸው ገብተው ሽንኩርት ሲከትፉም ያ ነጭ ብናኝ አብሯቸው ይዞራል። አብረዋቸው የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው «አንቺ ሴትዮ፣ ወፍጮ ቤት ነው ወይስ ትምህርት ቤት የምትውይው?» እያሉ፣ ልብሳቸውን በረንዳ ላይ ሳያራግፉ አያስገቧቸውም ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማሩት አንደኛ ክፍልን ነው። አብረዋቸው የጀመሩት ሁሉ ወደ ላይኛው ክፍል ወጥተዋል፤ አንዳንዱ ዳይሬክተር ሆነ፣ አንዳንዱም ማስተማሩን እርግፍ አድርጎ ሱቅ ከፈተ። እሳቸውን «ለምን አራተኛ ክፍል አይዛወሩም?» ሲሏቸው፣ «አራተኛ ክፍል የሚመጣው ልጅ ማንበብ ይችላል፤ ለሚችል ሰው ደግሞ እኔ ምን አደርግለታለሁ?» ብለው ይመልሱ ነበር።

ክፍላቸው ከግቢው ጥግ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለው ነው። ልጆቹ አርባ ሁለት፣ ዴስኩ አሥራ አራት፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ክርን ለክርን እየተጋፉ ይቀመጣሉ። ከመስኮቱ አንድ መስታወት ስለወደቀ በካርቶን ተደፍኗል። ጥቁር ሰሌዳውን በየዓመቱ መጀመሪያ ያረጀ ባትሪ ቀጥቅጠው፣ ጥቁሩን ዱቄት በውሃ በጥብጠው የሚቀቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ዘበኛው ሊያግዛቸው ብሩሽ ሲያነሳ፣ «አንተ ወዲያ በርህን ጠብቅ፤ ሰሌዳ እንደ አጥር አይቀባም» ይሉታል።

በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ አንድ መጽሐፍ ነበር። «እመት ዔሊና ጃንጥላዋ» ይባላል። ሥራ በጀመሩ ዓመት የተሰጣቸው ነው፤ ሃያ አራት ገጽ፣ ከሞላ ጎደል በየገጹ ሥዕል። እመት ዔሊ ዝናብ ትፈራና ጃንጥላ ትገዛለች። አራዊቱ ሁሉ «ቤትሽን በጀርባሽ ተሸክመሽ ጃንጥላ ምን ያደርግልሻል?» እያሉ ይስቁባታል። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ስትሄድ ነፋስ ይነሳል፤ በመጨረሻም ዝናብ መፍራቷን ትተዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ከዓመት ዓመት፣ ከእረፍት መልስ ባለው ክፍለ ጊዜ እትዬ ጠመኔ ያንን መጽሐፍ ያነባሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እሳቸው ይላሉ፣ አርባ ሁለቱ ልጆች በአንድ ድምፅ ይከተላሉ። ከዚያ የዕለቱ ባለተራ ወደ ፊት ይወጣና መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ለክፍሉ ያነባል። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ ሌላ መንገድ አልነበረም። መንገዱ ደግሞ ደስ ይል ነበር፤ በቧንቧው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሳያዳምጥ አይሄድም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ነፋሻ ቀን፣ ከመጽሐፉ አንድ ቅጠል ተገንጥሎ በዚያው ካርቶን በተደፈነው መስኮት ወጣ። ያኔ መስኮቱ ገና በካርቶን አልተደፈነም ነበር። ቅጠሉ በአንድ በኩል አሥራ ዘጠነኛው ገጽ፣ በጀርባው ሥዕል ብቻ ነው። ልጆቹ ግቢውን አሰሱት፤ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። እትዬ ጠመኔ ግን አልተቸገሩም። እዚያ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ፣ የጎደለውን ገጽ በቃላቸው ይሉትና ያልፋሉ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ልጆች ገጽ መጉደሉን እንኳ አያውቁም።

በዚያን ዓመት ከሁሉ ልጅ ብልጫ ያላት አንባቢ ድምቢጥ ነበረች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከማነሷ የተነሳ ይህን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። አባቷ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልብስ ይሰፋል። እናቷ በሌላ ከተማ ሥራ ይዛ በወር አንዴ ነው የምትመጣው፤ ስለዚህ ድምቢጥ ከትምህርት መልስ የምትውለው ከልብስ መኪናው ሥር ነበር። ለአባቷ ደግሞ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። እሱ መጻፍ ስለማይችል የደንበኞቹን ልክ በጭንቅላቷ የምትይዝለት እሷ ናት።

«የዘበኛው ሱሪ ወገቡ ስንት ነበር?» ይላታል፣ ጨርቁን ዘርግቶ።

«ሰማንያ ሁለት። ግን ሆዱን ስቦ ነው የተለካው።»

«ስለዚህ?»

«ሰማንያ ስድስት አድርገው።»

እንዲህ ያለ ጆሮ ነበራት። መጽሐፉን ይዛ ከክፍሉ ፊት ስትቆም ቃሉ ከአፏ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ለእንቁራሪቷ ቀጭን ድምፅ፣ ለእመት ዔሊ ወፍራም ድምፅ ታወጣለች። እትዬ ጠመኔ በልጅ ማዳላት አይወዱም፤ በእሷ ተራ ቀን ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርገው ይቀመጡና፣ እንደ እንግዳ ያዳምጡ ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው አዲስ ስለሆነ በየእርምጃው ይጮሃል። ዳይሬክተሩ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ፣ ወደ እትዬ ጠመኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ደህና ለሚያነብ ክፍል አንድ ሳጥን ሙሉ የልጆች መጽሐፍ ይሰጣሉ አሉ። እባክዎ ጎበዙን ያውጡልን» አላቸው።

ድምቢጥን አወጡ። ድምቢጥ መጽሐፉን ገለጠች። ተቆጣጣሪው በአንዱ ዴስክ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባብሮ ያዳምጣል። አራዊቱ ሳቁ፣ እመት ዔሊ ተኮሳተረች፣ ነፋሱ ተነሳ። ድምቢጥ አሥራ ስምንተኛውን ገጽ ጨርሳ ገለጠችና ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች።

እትዬ ጠመኔ መስኮቱ ዘንድ ቆመው ነበር። ያንን ጉሮሮ መጥረግ ሲሰሙ እጃቸው ላይ የነበረው ጠመኔ ቀጥ አለ።

«ነፋሱም ጃንጥላዋን ነጥቆ ወደ ወንዙ ጣለው» አለች ድምቢጥ፣ ጣቷን በሃያ አንደኛው ገጽ ላይ አድርጋ። «እመት ዔሊ ማልቀስ ጀመረች። እንቁራሪትም፣ እመት ዔሊ ሆይ፣ እስቲ አንገትሽን ወደ ውስጥ አስገቢ አለቻት። አንገቷን ብታስገባ ውስጡ ደረቅ ነበር።» አንዲት ቃል አልሳተችም። ከዚያ ሃያ አንደኛውን ገጽ፣ ጣቷን እዚያው ላይ እንዳደረገች፣ ቀጠለች።

ተቆጣጣሪው አጨበጨበ፣ ልጆቹም ተከትለው አጨበጨቡ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ፋይሉን ገለጠ። ዳይሬክተሩ ሳጥኑን በሐሳቡ አይቶ የት እንደሚያስቀምጠው ማሰብ የጀመረ ይመስላል።

«ጎበዝ፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ጠመኔ። ድምፃቸውን ሳይለውጡ ክፍሉን ሥዕል እንዲስል አዘዙና መጽሐፉንና ሁለቱን ወንዶች ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ቧንቧው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ አትጻፈው» አሉት ተቆጣጣሪውን።

«ምኑን?»

«ታነባለች ብለህ አትጻፍ። ያ መጽሐፍ አሥራ ዘጠነኛ ገጽ የለውም። እሷ ግን አነበበችው።»

ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ተቀብሎ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ እንደገና ቆጠረ። ዳይሬክተሩ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አለ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ። «እሱ እኮ ምንም አላወቀም ነበር።»

«እኔ አወቅኩ።»

«ስንት ልጅ ነው እንደ እሷ?» አለ ተቆጣጣሪው። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ከልቡ ማወቅ የፈለገ ይመስላል።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ማንም የለም እል ነበር። አሁን አላውቅም።»

ፋይሉን ከደነ። በሰባተኛው ሳምንት ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ሲመጣ ግን ማንም ሰምቶት የማያውቅ መጽሐፍ ይዞ እንደሚመጣ ነገራቸው። ሲሄድ ጫማው እስከ በሩ ድረስ ሲጮህ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ «ድመቷ ከዴስኩ ሥር ተኛች» ብለው ጻፉ። ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ሌላው እንዳይሰማ በጆሯቸው እንዲያነቡላቸው አደረጉ። ሃያ ስድስቱ አነበቡ፤ አንዳንዱ እየተደናቀፈ፣ አንዳንዱ እየሮጠ። አሥራ ስድስቱ አልቻሉም። የድምቢጥ ተራ ደረሰ። ልጅቷ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችና ዓይኗን መለሰችው፤ ያረፈውም የመምህርቷ ከንፈር ላይ ነበር።

«እትዬ» አለች፣ ሳታፍር፣ ሳትፈራም። «መጀመሪያ እርስዎ ይበሉት፤ ከዚያ እኔ አነበዋለሁ።»

ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ይህንን ለእህታቸው ነገሩ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አሉ እህታቸው። «ታልፍና ሁለተኛ ክፍል ትማረዋለች።»

«ሁለተኛ ክፍል መጀመሪያ የሚልላት የለማ፣ እቴ። እዚያ መጽሐፉ ለየልጁ ይታደላል፤ አንብቢ ይሏታል፣ አለቀ።»

«እና ልትጥያት ነው? ያቺን የመሰለች ልጅ?»

እትዬ ጠመኔ ከገበታው ተነሱ። ሳህኑን አነሱና ያጥቡት ጀመር፤ የታጠበውን ሳህን ነበር እንደገና የሚያጥቡት።

በማግሥቱ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እትዬ ጠመኔ መንገዱን ተሻግረው ልብስ ሰፊው ዘንድ ገቡ። ድምቢጥን ውጭ የልብስ ቁልፍ ትለቅም ዘንድ ላኳት። ልብስ ሰፊው ብድግ ብሎ ያለችውን አንዲት በርጩማ በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላቸው። ይህ ሰው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት በዚያው ክፍል፣ በሦስተኛው ዴስክ የተቀመጠ ተማሪያቸው ነበር። እሳቸውም ደህና አድርገው ያስታውሱታል፤ ሲያነብ እንደ ውሃ ይወርድ የነበረ ልጅ ነው። በኋላ ትምህርቱን ማቋረጡን ሲሰሙ ቤት ቢቸግር ነው ብለው አዝነው ነበር።

ስለ ልጅቷ ነገሩት። እየሰማቸው እጁ ከልብስ መኪናው መዘውር ላይ አልተነሳም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«እንደማታነብ። እሷ የምትሄድበትን መንገድ እኔም ሄጄበት የለ? እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔም ያን መጽሐፍ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም።»

እትዬ ጠመኔ በርጩማዋን ወደ እሱ ሳብ አደረጉ።

«ሁለተኛ ክፍል ስገባ መጽሐፉ ተቀየረ። አዲሱን መምህር መጀመሪያ እርስዎ ያንብቡት ብላቸው፣ አፈኛ ብለው አንበረከኩኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ወጣሁ።» ፈገግ አለ። «ታሪኩ ግን እስካሁን አልጠፋኝም። ስሰፋ እለዋለሁ፤ ለመዘውሩ ይስማማል።» መዘውሩን እያዞረ፣ ከመኪናው ድምፅ ጋር እያስማማ ይለው ጀመር። «ነፋሱም ጃንጥላዋን ነጥቆ ወደ ወንዙ ጣለው። እመት ዔሊ ማልቀስ ጀመረች። ዳክዬም፣ እመት ዔሊ ሆይ...»

«እንቁራሪት» አሉ እትዬ ጠመኔ።

«ዳክዬ ናት።»

«እንቁራሪት ናት፤ እኔን ነው የምታስተምረኝ?»

«እትዬ፣ እኔ በሰማሁበት ጊዜ ገጹ ነበረ እኮ። ሥዕሉም ዳክዬ ነበር፤ እግሯ ቢጫ።»

እትዬ ጠመኔ የጠፋውን ገጽ ለማስታወስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግሯ ቢጫ የሆነች ዳክዬ ከሩቅ ድቅን አለችባቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያውቁት ዳክዬዋን እንቁራሪት አድርገዋት ኖሯል።

«ሊጥሏት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው፣ አሁን መዘውሩን አቁሞ።

«ሳታነብ አላሳልፋትም። አንተን ያሳለፍኩህ ይበቃኛል» አሉ። «ግን የቀረን ሰባት ሳምንት ነው፤ አንተም ታግዘኛለህ። ከዛሬ ጀምሮ የሰው ልክ በልጅቷ ጭንቅላት አታስቀምጥ። ወረቀት ላይ ትጻፈው፤ ስሙንም ልኩንም።»

«እኔ ወረቀቱን ምን ብዬ ላንብበው?»

«አንተ አታነበውም። እሷ ታነብልሃለች። ካላነበበችልህ የዘበኛው ሱሪ ይጠብበዋል፤ እሱ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። ሲወጡ ከሸሚዝ ማሸጊያ የተረፉ ነጫጭ ካርቶኖችን በክር አስሮ ሰጣቸው፤ መቀሱንም ጨመረበት። «ይመልሱልኛል» አለ። «ለሌላ ሰው ቢሆን አላበድርም።»

በዚያ ሳምንት እትዬ ጠመኔ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በካርቶን ላይ በትልልቁ ገለበጡና በመቀስ ቆራረጡት፤ መጀመሪያ በዓረፍተ ነገር፣ ኋላ በቃል። አሥራ ስድስቱን ልጆች በሁለት ዴስክ ዙሪያ ሰበሰቡ። ካርቶኑን እንደ ጨዋታ ካርታ ደባልቀው በተኑላቸው።

«እመት ዔሊን በታትኛታለሁ» አሉ። «መልሳችሁ ግጠሟት።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አፋቸው ታሪኩን ያውቀዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን እንደሆነ እንቅልፋቸውን ተኝተው እንኳ ይነግሩሃል። አሁን ግን ያ ቃል ዴስኩ ላይ ከተበተነው ውስጥ የትኛው እንደሆነ ዓይን ነው መፈለግ ያለበት። አፋቸው ቀድሞ ሄዶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዓይናቸው ከኋላ እያነከሰ ይመጣል።

ከሁሉ የከበደው ግን ለልጆቹ አልነበረም። ልጆቹ በተቸገሩ ቁጥር አንጋጠው የመምህርቷን ከንፈር ያያሉ፤ የመምህርቷም ከንፈር የሠላሳ አራት ዓመት ልማዱ ሆኖ፣ ሳይታዘዝ ይንቀሳቀሳል። ድምቢጥማ ትንሽ ንቅንቅታ ብቻ ይበቃታል። በሁለተኛው ቀን እትዬ ጠመኔ አንድ ሙሉ ጠመኔ ከሳጥኑ አወጡና በከንፈራቸው መካከል ነክሰው ያዙት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው ጠመኔውን እንደነከሱ፣ ቅንድባቸውን ሰብስበው በጣታቸው ወደ ካርቶኖቹ ጠቆሙ። እንደዚያ ሆነው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቆሙ። ቤታቸው ሲገቡ እህታቸው ከበረንዳው ሆነው አዩዋቸውና «ደግሞ መብላት ጀመርሽ?» አሉ።

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለትም አለፈ። ከአሥራ ስድስቱ አምስቱ ቶሎ ነቁ፤ ገፋ ቢያደርጓቸው የሚሄዱ ነበሩ። ድምቢጥ ግን ዘገየች። ጆሮዋ ብርቱ ስለሆነ ዓይኗን ሥራ ፈት አድርጎት ኖሯል። ከጎኗ ያለው ልጅ ቃሉን ሲያገኝ ትሰማዋለች፤ ከሰማችው ደግሞ ያዘችው ማለት ነው። እትዬ ጠመኔ ለብቻዋ አደረጓት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሆድ ባሳት፤ ካርቶኑን ፊቷ ላይ ደርድራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። «ድሮ እችል ነበር እኮ፣ እትዬ» አለች።

መምህርቷ ጠመኔውን ከአፋቸው አወጡ። «ድሮ ስትነግሪን ነበር፤ አነጋገርሽ ደግሞ ግሩም ነበር» አሏት። «እሱን ማንም አይወስድብሽም። ይኼ ሌላ ነው።» ጠመኔውንም መልሰው ነከሱ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በደወል ፋንታ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሳይደወል ድምቢጥ እየሮጠች ግቢው ገባች። ቦርሳዋ በአንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሎ ይላተማል።

«እትዬ፣ የእመት ዔሊ ጃንጥላ ጫማ ጠጋኙ ግድግዳ ላይ አለ።»

«ሥዕል ነው?»

«ሥዕል የለውም። ጽሑፍ ነው። ጃንጥላ ይላል። ከጎኑ ደግሞ...» ቆም አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች፣ ግን ድምፅ ለማስታወስ አልነበረም፤ ግድግዳውን መልሳ እያየችው ነበር። «እን... እንጠ... እንጠግናለን። ጃንጥላ እንጠግናለን።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አባዬን ብጠይቀው እኔ የት አውቄ አለኝ። ጫማ ጠጋኙን ብጠይቀው ደግሞ፣ ከጻፍኩት ሦስት ዓመቴ፣ ጃንጥላ ያመጣልኝ ሰው የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ አንባቢዬ ነሽ አለኝ።»

እትዬ ጠመኔ ጎንበስ ብለው የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከሉላት። ማንገቻው ላይ ነጭ የጣት አሻራ ቀረ። በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት፣ መንገዳቸው ባይሆንም፣ ዞር ብለው በጫማ ጠጋኙ በኩል ሄዱና ግድግዳውን አዩት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ ማለት ባይቻልም በሩ ገርበብ አለ። ልብስ ሰፊው ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ የተሰኩ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ይታዩ ጀመር። ፊደሉ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ መሥመሩም ቁልቁል የሚንሸራተት ነው፤ ግን ዘበኛው፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀር ከነልካቸው እዚያ ነበሩ። አንድ ቀን እትዬ ጠመኔ መቀሱን ሊመልሱ ሲገቡ፣ ልብስ ሰፊው አንዱን ወረቀት አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ይዞት አገኙት። ሲያያቸው ቶሎ ብሎ ምስማሩ ላይ መለሰው። እሳቸውም እንዳላዩ ሆኑ።

በሰባተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪው እንደ ቃሉ መጣ። ጫማው መጮህ ትቷል። ከቦርሳው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጣ፤ ስለ አንድ ባቡርና ስለ አንዲት ፍየል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ማንም አይቷትም ሰምቷትም አያውቅም።

«ያቺን ልጅ» አለ።

ድምቢጥ ወጣች። መጽሐፉን ገለጠች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቧንቧው ጠብታ ብቻ ሆነ። ልማድ ሆኖባት አንድ ጊዜ ቀና ብላ መምህርቷን አየች። እትዬ ጠመኔ ጠመኔያቸውን ነክሰው መስኮቱ ዘንድ ቆመዋል።

«ፍ... ፍየሏ» አለች ድምቢጥ፣ ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ። «ፍየሏ ከሐ... ከሐዲዱ ላይ ተ... ተቀመጠች።» ላቧን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ባቡሩ መጣ። አይ፤ ባቡሩ... ቆመ።» የመጀመሪያው ከአፏ ያመለጠ ግምት ነበር፤ ራሷ ተመልሳ አረመችው። አራት መሥመር ለማንበብ የፈጀባት ጊዜ፣ ዱሮ መጽሐፉን ሙሉ ከምትልበት አይተናነስም። ለፍየሏም ለባቡሩም የተለየ ድምፅ አላወጣችም።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ተቆጣጣሪው አገጩን ያሻል።

«መምህርት፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ቀስ ብሎ። «ያለፈው ይበልጥ ነበር። ያኔ እንደ ውሃ ነበር የምትወርደው።»

እትዬ ጠመኔ ጠመኔውን ከአፋቸው አወጡ። «ያኔ እኔን ነበር ያነበበችው፣ ልጄ። ዛሬ ወረቀቱን ነው። ባቡሩ መጣ ብላ ተመልሳ ቆመ ስትል አልሰማሃትም? ከእኔ ሰምታው ቢሆን ኖሮ አትሳሳትም ነበር።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አወጣ። ፋይሉ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አላሳያቸውም። ሳጥኑ ከወንዙ ማዶ ላለ ሌላ ትምህርት ቤት መሄዱን ዳይሬክተሩ ከሳምንት በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ያን ዕለት ሲወጣ የፍየሏን መጽሐፍ ድምቢጥ ዴስክ ላይ ረስቷት ሄዶ ነበር። ዳይሬክተሩ ከኋላው ሮጦ ሊያስታውሰው ሲል፣ ሰውየው ከበሩ ሆኖ እጁን አወዛወዘና መንገዱን ቀጠለ። ስለዚህ ክፍሉ ሁለት መጽሐፍ አለው ማለት ነው።

ከአሥራ ስድስቱ፣ ድምቢጥን ጨምሮ፣ አሥራ አራቱ አለፉ። የቀሩትን ሁለት ልጆች እትዬ ጠመኔ በዕረፍቱ ወራት እቤታቸው በረንዳ ላይ ሊያስተምሯቸው ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋገሩ። እህታቸውም «በረንዳዬንም ልትወርሺው ነው» ብለው ካጉረመረሙ በኋላ፣ ሁለት በርጩማ ከጓዳ አውጥተው ወለወሉ።

የመጨረሻው ዓርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው መምህርቷ ለድምቢጥ አንድ ንጹሕ ወረቀት ሰጧት።

«አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ ጻፊልን» አሏት። «እኔ እንቁራሪት እላለሁ፣ አባትሽ ዳክዬ ይላል። እንግዲህ አንቺ ቁረጪው።»

«እንደፈለግኩ?»

«እንደፈለግሽ። ግን ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ እመት ዔሊ ዝናብ መፍራቷን ትታለች፤ እሱን እንዳትረሺ።»

ድምቢጥ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ሐሙስ ዕለት መጽሐፉንም ወሰደችው። አባቷ አዲሱን ቅጠል ከአሮጌዎቹ መካከል አስገብቶ፣ በልብስ መኪናው በነጭ ክር ጠረዘው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ለሙሽራ ልብስ የሚሰፋ ዓይነት ነበር። «ቀድመው እንዳያዩት ትላለች» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው ሳይገልጡት አደሩ።

ዓርብ፣ ከእረፍት መልስ፣ እትዬ ጠመኔ ወንበራቸውን ከሰሌዳው ፊት አድርገው ተቀመጡና ማንበብ ጀመሩ። እመት ዔሊ ጃንጥላ ገዛች። አራዊቱ ሳቁ። አርባ ሁለቱ ልጆች እየተከተሉ አሉት። አሥራ ስምንተኛውን ገጽ ጨርሰው ገለጡ፤ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ቆሙ።

ከፊታቸው ያለው የሚያውቁት አልነበረም። በእርሳስ የተጻፈ፣ አንዱ ፊደል ትልቅ አንዱ ትንሽ የሆነ፣ መሥመሩ ቁልቁል የሚንሸራተት ገጽ ነው። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ቀና ሲሉ ፊት ለፊታቸው፣ በመጀመሪያው ዴስክ፣ ድምቢጥ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ሲል አዩት። ልጅቷ ቶሎ ብላ እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋች፣ አንድ ጠመኔ አነሳችና ከንፈሯ መካከል ነክሳ ያዘችው። ከዚያ በጣቷ ወደ ገጹ ጠቆመች።

እትዬ ጠመኔ ጣታቸውን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረጉ፤ ቀስ ብለውም አነበቡ።

«ወንዝ ዳር... እንቁራሪት ነበረች። ዳክዬም... ነበረች። ሁለቱም... ዝም አሉ። እመት ዔሊ... ጃንጥላዋን... ለጉንዳኖች ሰጠች። እሷ... ቤት አላት። እነሱ... የላቸውም።»